ካህኑ የሰማውን የት ያደርሰዋል?

ድሬዳዋ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከዚራ ላይ ላስነጠሰ ሳቢያን ላይ «ይማርህ» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ባለ ከተማ ገመናን ለሌላ ሰው መናገር ከባድ ነው። ያውም ነገ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ሲመርጥ ለሚገኝ ሰው!

ካቶሊክ ያልሆኑ ጓደኞቼ ስለ ኑዛዜ ሲያነሱ ሁለት ጥያቄ አይቀርላቸውም። አንደኛው፦ «አቦ፣ ካህኑ ቢናገርስ?» ሁለተኛው፦ «ነገሩ ለምን እንዲህ ይደርቃል? ሳጥን፣ ፍርግርግ፣ የተሸመደደ ቃል… ቁጭ ብሎ ማውራት አይሻልም ወይ?» ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይመስላሉ። እኔ ግን መልሳቸው አንድ ነው ባይ ነኝ። ያ ደረቅ የሚመስለው ሥርዓት የቆመው ምስጢሩን ሊጠብቅ ነው።

ከሚታየው እንጀምር። የቆየ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የገባ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ፣ ቁምሳጥን የመሰለ የእንጨት ሥራ አይቶ ሊሆን ይችላል። መናዘዣው ነው። ካህኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ተናዛዡ ከጎን ይንበረከካል። በመሃላቸው ድምፅ የሚያሳልፍ፣ ፊት የማያሳይ ፍርግርግ አለ። ካህኑ አንገቱ ላይ ስቶላ የሚባለውን ሐምራዊ ረጅም ጨርቅ አድርጓል። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ጆሮውን ወደ ፍርግርጉ ያስጠጋል። በድሬ የግንቦት ሙቀት እዚያ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ራሱ ቀኖና ነው፤ ይህን ለካህናቱ ልመስክርላቸው።

ተናዛዡ ያማትባል። «አባ ይባርኩኝ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁ» ይላል። ከተናዘዘ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይናገራል። ከዚያ ጥፋቱን ይዘረዝራል። ካህኑ አጠር ያለ ምክር ይሰጠዋል፣ ቀኖና ያዝዘዋል። ቀኖናው ብዙ ጊዜ ጸሎት ነው፤ አንዳንዴ የበደሉትን መካስ ይጨመርበታል። ተናዛዡ የጸጸት ጸሎቱን ያደርሳል። ካህኑ እጁን ዘርግቶ የሚፈታበትን ጸሎት ይጸልያል፤ ዋናው ቃል «በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ከኃጢአትህ እፈታሃለሁ» የሚለው ነው። አለቀ። አምስት ደቂቃም ላይሞላ ይችላል።

ስም አልተጠየቀም። መታወቂያ የለም። መዝገብም የለም። ጥምቀት በመዝገብ ይሰፍራል፣ ጋብቻም እንዲሁ። ሰው መናዘዙን የሚመዘግብ ደብተር ግን የትም ቁምስና (የካቶሊክ ደብር) አይገኝም። ክፍያም የለውም።

የንስሐ አባት ላለው የኦርቶዶክስ ምእመን ይህ እንግዳ ነገር ነው። የንስሐ አባት ቤተኛ ነው። ልጅ ሲወለድ ይመጣል፣ ለበዓል ይመጣል፣ ቤቱን ጸበል ይረጫል፤ የቤቱን ሰው በስም ያውቃል። ምክሩ የሚሰምረውም ስለሚያውቅ ነው። የካቶሊኩ መንገድ ሌላ ነው። ሕጉ ምእመኑ የፈለገውን አናዛዥ እንዲመርጥ፣ ሌላ ሥርዓት ካለው ካህን ዘንድም ቢሆን እንዲሄድ ይፈቅድለታል። የቁምስናውን ካህን ያፈረ የድሬ ሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ሄዶ ቢናዘዝ ማንም «ለምን?» አይለውም። ሁልጊዜ አንድ ካህን ጋር የሚሄድም አለ፤ ያም ይበረታታል። ግን ግዴታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ካህኑ ቢናገርስ?

ድሬዳዋን የሚያካትተው የሐረር ሐዋርያዊ ቪካርየት (እንደ ሀገረ ስብከት ያለ አስተዳደር) የሚመራበት የ1983ቱ የቤተክርስቲያን ሕግ በአንቀጽ 983 ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ይላል። የኑዛዜ ማኅተም አይደፈርም። ካህኑ በቃልም ሆነ በሌላ በማናቸውም መንገድ፣ በምንም ምክንያት፣ ተናዛዡን አሳልፎ መስጠት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚመሩበት የ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግም ማኅተሙን እንደዚሁ ይጠብቃል። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

«በሌላ በማናቸውም መንገድ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። መናገር ብቻ አይደለም የተከለከለው። መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊት ማጥቆር አለ። እሑድ ስብከት ላይ «አንዳንድ ሰዎች አሉ…» ብሎ መወርወር አለ። የድሬ ሰው ግማሽ ቃል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ግማሽ ቃልም ክልክል ነው። ተናዛዡ ቢሞትም ማኅተሙ አይነሳም። ተናዛዡ ራሱ «ይናገሩልኝ» ቢል እንኳ ካህኑ በቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት ከኑዛዜ ስላወቀው ነገር ምስክር ሆኖ መቆም አይችልም። አስተርጓሚ ሆኖ የሰማ፣ ወይም ወረፋ ሲጠብቅ በአጋጣሚ ጆሮው ጥልቅ ያለበት ሰውም ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ቅጣቱስ? በ1983ቱ ሕግ ኃጢአቱንና ሰውየውን ለይቶ በቀጥታ የገለጸ ካህን ፍርድ ሳይጠበቅ በዚያው ቅጽበት ይወገዛል። ውግዘቱን የማንሳት ሥልጣን የቅድስት መንበር፣ ማለትም የቫቲካን ነው። የሀገሩ ጳጳስ «አይዞህ፣ እኔ አስተካክላለሁ» ሊለው አይችልም።

ይህን ሁሉ ሰው በቶሎ ይረዳዋል። ብዙዎች የማያውቁት ቀጣዩን አንቀጽ ነው። 984 የሚለው ካህኑ የሰማውን እንዳይናገር ብቻ ሳይሆን እንዳይጠቀምበትም ነው።

ምሳሌ ላምጣ። አንድ ቁምስና ትምህርት ቤት አለው እንበል። ሒሳብ ሠራተኛው መጥቶ ከካዝናው ብር እየወሰደ እንደቆየ ይናዘዛል። የሰማው ካህን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው። ምን ያድርግ? ሰውየውን ማባረር አይችልም። የካዝናውን ቁልፍ መቀየር አይችልም። «ለምን ድንገት ሒሳብ አናስመረምርም?» ብሎ ቦርዱን መሰብሰብ አይችልም። ሠራተኛው ራሱ ካላነሳው በስተቀር ቡና ላይ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ የለበትም። ቀድሞ የተያዘ የሒሳብ ምርመራ ካለ እንደ ወትሮው ይካሄዳል፤ ሊያፋጥነው ግን አይገባም። ሊሠራ የሚችለው እዚያው ፍርግርጉ ጋ ያለውን ነው። «ብሩን መልስ» ሊለው ይችላል። መመለስ እየቻለ አልመልስም ካለ ጸጸት የለምና ላይፈታው ይችላል። የመመለሻው መንገድም የግድ ሰውየውን የሚያጋልጥ መሆን የለበትም። በፖስታ አሽጎ ቢተወው፣ ወይም ካህኑ ስም ሳይጠራ እንዲያደርስለት ቢያደርግ ይሆናል።

እንግዲህ ይታያችሁ። ኃላፊው ሌባውን አውቆ ቁልፉን እንደያዘ ይተወዋል። ለሥራ አመራር ሰው ይህ እብደት ነው። ግን ቁልፉ በማግስቱ ቢቀየር ያ ሠራተኛ ብቻ አይደለም አፉን የሚዘጋው፤ የቁምስናው ሰው ሁሉ ነው። በዚሁ ስጋት የተነሳ ሕጉ የዘርዐ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) አለቃ አብረውት የሚኖሩ ተማሪዎቹን እንዳያናዝዝ ይከለክላል፤ እነሱ በራሳቸው ፍላጎት ካልጠየቁት በስተቀር።

ምስጢሩ የሚያስረው ካህኑን ነው። ተናዛዡ የራሱን ነገር ለፈለገው ቢያወራ ነጻ ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይነሳ ነገር አለ። ሰው ከመናዘዣው ወጥቶ «እንትና እንዲህ አለኝ፣ ሰደበኝ» ብሎ ቢያወራ ካህኑ «ውሸት ነው፣ የሆነው እንዲህ ነበር» ማለት አይችልም። ስሙ ሲጠፋ ዝም ብሎ ያያል። የበርጫ ላይ ጨዋታ አድርጎ አናዛዥን መቦጨቅ ለዚህ ነው የማይወደድልኝ፤ እጁ የታሰረ ሰው መምታት ነው።

ወደ ሥርዓቱ ልመለስ። የተሸመደደው ቃል ለምን አስፈለገ? ያፈረ ሰው ወሬ መጀመሪያ ያጣል። «እ… እንዴት ልበልዎ አባ…» እያለ ሩብ ሰዓት ይቆያል። እዚህ ግን መግቢያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ፊደል ያልቆጠሩ እናትም የዩኒቨርሲቲ መምህርም በአንድ ቃል ይጀምራሉ። መፍቻውም አንድ ነው። ካህኑ የወደደውን ሰው በረጅም ጸሎት፣ ያልወደደውን በአጭሩ አይሸኝም።

የሚነገረውም ልክ አለው። ሕጉ ከባድ ኃጢአት ሁሉ በዓይነቱና በቁጥሩ እንዲነገር ያዝዛል። ምን እንደሆነና ስንት ጊዜ። ታሪኩ ከነዝርዝሩ አይፈለግም። የሌላ ሰው ስም ደግሞ ጭራሽ አይፈለግም፤ ካህኑ የግብረ አበርን ስም ከመጠየቅ እንዲቆጠብ አንቀጽ 979 ያዝዘዋል። እኛ ድሬዎች ስም ሳንጠራ ወሬ መጨረስ ይከብደናል፣ «የእንትና ልጅ፣ ያ ባጃጅ የሚነዳው» ማለታችን አይቀርም። አንድ ልምድ ያለው ካህን እዚህ ላይ «የራስህን ንገረኝ» ብሎ ያቋርጣል። ሲያቋርጥ ቅር የሚላቸው አሉ። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ የሌላው ስም ባልተገኘበት አይነሳምና።

ፍርግርጉ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በጥንቱ ዘመን እንደ ግድያ፣ ምንዝርና ክህደት ያሉ ከባድ ኃጢአቶች የሚያስከትሉት ንስሐ አደባባይ ላይ ነበር፤ ተነሳሒው ማቅ ለብሶ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ከቅዱስ ቁርባን ርቆ ይቆማል። አንዳንድ ቦታ ኃጢአቱን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በጉባኤ ማንበብ ተጀምሮ ነበር። ይህን የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀዳማዊ ልዮን በ459 በጻፉት ደብዳቤ ከለከሉት፤ ለካህን በምስጢር መናገር ይበቃል አሉ። ከዚያ የአየርላንድ መነኮሳት በግል፣ በተደጋጋሚ መናዘዝን በአውሮፓ አስፋፉ። በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ የተባለው የጳጳሳት ስብሰባ እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲናዘዝ ደነገገ። እዚያው ድንጋጌ ውስጥ ምስጢር ያወጣ ካህን ከክህነቱ ተሽሮ ጥብቅ ገዳም ውስጥ ዕድሜ ልኩን ንስሐ እንዲገባ አዘዘ። ግዴታውና ማኅተሙ አብረው መምጣታቸው አይገርመኝም። ሰውን ተናገር ብለህ ካስገደድከው ሰሚውን ማሰር ግድ ይልሃል።

የእንጨቱ ሥራ የመጣው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዎ መናዘዣ እንዴት እንደሚሠራ ዝርዝር መመሪያ አወጡ፤ በ1614 የወጣው የሮም የሥርዓት መጽሐፍም ፍርግርግ ያለው መናዘዣ ግልጽ ቦታ ላይ እንዲሆን አዘዘ። ግልጽ ቦታ፣ በመሃል ፍርግርግ። ሁሉም ሰው ሁለቱን ያያቸዋል፣ ማንም አይሰማቸውም፤ አንዱም ሌላውን አይነካም። በተለይ ሴቶችን ከመጥፎ ካህን ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ኑዛዜን አጋጣሚ አድርጎ ተናዛዥን ወደ ዝሙት መጋበዝ ዛሬም በቤተክርስቲያን ሕግ ከባድ ወንጀል ነው። ሥርዓት ያለው የሚጠረጠር ነገር ስላለ ነው። ካህን መልአክ ነው ተብሎ ቢታመን ኖሮ እንጨቱ ባላስፈለገ።

ከ1973ቱ አዲስ የንስሐ ሥርዓት ወዲህ ፊት ለፊት ተቀምጦ መናዘዝም ይቻላል። ብዙ ወጣቶች ይህን ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ ፍርግርጉን የመጠየቅ መብት የተናዛዡ ነው። በ1998 ደግሞ ካህኑም በቂ ምክንያት ካለው በፍርግርጉ ብቻ አናዝዛለሁ ማለት እንደሚችል ተወሰነ። እኔን ብትጠይቁኝ ፍርግርጉ ይሻለኛል። በስልክ፣ በቴሌግራም፣ በቪዲዮ የሚባል ነገር ግን የለም፤ በኮቪድ ጊዜም አልተፈቀደም። ኑዛዜን ቀርጾ ያሰራጨም ሰው፣ ካህን ባይሆንም፣ በሕጉ ይቀጣል።

ስለ ማኅተሙ ሲነሳ ሁሌም የሚጠቀሰው የፕራጉ ካህን ዮሐንስ ኔፖሙክ ነው። በ1393 በንጉሥ ቬንችስላስ አራተኛ ትእዛዝ ወንዝ ተጥሎ ሞተ። ትውፊቱ የንግሥቲቱን ኑዛዜ አልናገርም ስላለ ነው ይላል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ጠቡ በአንድ የገዳም አለቃ ሹመት የመጣ ነው ይላሉ። ትውፊቱ ደስ ይላል፤ ታሪኩ ግን የሁለተኛዎቹ ይመስለኛል።

ለሐረር የሚቀርበው ታሪክ የራምቦ ነው። ጁገል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ በ1891 እግሩ ታሞ ከሐረር በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት። ማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፣ ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። ሊሞት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ተናዘዘ ስትል እህቱ ኢዛቤል ለእናቷ ጻፈች። ያናዘዘው ካህን ከክፍሉ ወጥቶ እንዲህ ያለ እምነት አይቼ አላውቅም አለኝ ትላለች። እህቱ አሳምራው ነው ብለው የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ካህኑ አለ የተባለው ተጽፎ ቀርቷል፤ ራምቦ የተናገረው ግን የትም የለም። በነገራችን ላይ ጥንቁቅ አናዛዥ ያቺን ምስጋና ራሷንም ባልተናገረ ነበር። ስለ አንዱ «እንዴት ያለ እምነት!» ካልክ ስለ ሌላው ዝም ስትል ዝምታህ ይናገራል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ወንጀል ሲሆን ነው። ሰው ገድያለሁ ብሎ ቢናዘዝስ? ልጅ ደፍሬያለሁ ቢልስ? የቫቲካን የንስሐ ጉዳይ ፍርድ ቤት በ2019 ባወጣው ማብራሪያ ካህኑ «ሄደህ ለፖሊስ እጅህን ካልሰጠህ አልፈታህም» ብሎ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ እንደማይችል ጽፏል። መምከር ይችላል፣ እውነተኛ ጸጸትና ራስን የማረም ፍላጎት ከሌለም አይፈታውም። ተናዛዡ ተበዳይ ከሆነ ደግሞ ካህኑ መብቱን፣ የት ሄዶ መክሰስ እንደሚችልም ሊነግረው ይገባል።

ብዙ ሰው ይህ አይዋጥለትም። አውስትራሊያ ውስጥ በ2017 የተጠናቀቀው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የልጆች ጥቃት በኑዛዜም ቢሰማ ለፖሊስ እንዲነገር ሐሳብ አቀረበ፤ ቪክቶሪያና ኩዊንስላንድን የመሳሰሉ ክፍላተ ግዛት ሕግ አደረጉት። ቤተክርስቲያኗ አንቀበልም አለች። ክርክሩን ቀላል የሚያደርግ ሰው ካለ አላምነውም። እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፦ በየሀገሩ ካህናት ልጆችን ሲበድሉ የሸፋፈኑ አለቆች አብዛኛውን ያወቁት በአቤቱታ፣ በደብዳቤ፣ በወላጆች ልቅሶ ነበር። ያ ሁሉ ከማኅተሙ ውጪ ነው። መናገር ይችሉ ነበር፣ ይገባቸውም ነበር። ማኅተሙን ለእነሱ ዝምታ ሽፋን ማድረግ ማኅተሙንም ተበዳዮቹንም መበደል ነው። ከመናዘዣው ውጪ የሰማ ሰው፣ ካህንም ቢሆን፣ «ምስጢር ነው» ብሎ ማምለጫ የለውም።

ለድሬና ለሐረር ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። ቋንቋ አንዱ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ በሚደበላለቅበት ከተማ ካህኑ የተናዛዡን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል። ሕጉ በአስተርጓሚ መናዘዝን ይፈቅዳል፤ አስተርጓሚውም እንደተባለው ምስጢሩን ይጠብቃል። ግን ማንም በአስተርጓሚ እንዲናዘዝ አይገደድም። ለረጅም ዘመን ያልተናዘዘም ሰው ጸሎቱን ረስቶ ከሆነ «ረስቼዋለሁ አባ» ይበል። ካህኑ እየመራ ያስለዋል።

ሁለተኛው፣ ካቶሊክ ያልሆነስ? ኦርቶዶክስ ምእመን በራሱ ፈቃድ ቢጠይቅና ዝግጁ ቢሆን ካቶሊክ ካህን ሊያናዝዘው እንደሚችል የካቶሊክ ሕግ በአንቀጽ 844 ይፈቅዳል። የራሱ ቤተክርስቲያን ግን አትፈቅድለትም፤ ስለዚህ ወደ ንስሐ አባቱ ቢሄድ ይሻለዋል። ሙስሊም ጓደኛዬ ደግሞ «እኔስ ብመጣ?» ብሎኛል፣ እየሳቀ። ካህኑ በደስታ ቁጭ ብሎ ይሰማሃል፣ የነገርከውንም እንደ ጨዋ ሰው ይይዝልሃል አልኩት። ኑዛዜ ግን አይሆንም። ስቶላውን አያጠልቅም፣ አይፈታህም፣ በማኅተሙም አይታሰርም።